ካህን በሌለበት እሑድ

ስለ ቤተ ክርስቲያን ጨዋታ ሲነሣ ወሬው ሁሉ ወደ መድረኩ ይሮጣል፤ ማን ሰበከ፣ ማን ባረከ፣ ማን ተሾመ። የእኔ ልብ ግን የሚያደላው ሳምንቱን ሙሉ ማሳ ሲቆፍር ሰንብቶ እሑድ መጽሐፍ ገልጦ ለጎረቤቶቹ ወደሚያነበው ምእመን ነው። አንግሊካኖች ይህን ሰው ሌይ ሪደር ይሉታል። ክህነት የለውም። ጸሎት ይመራል፣ ያነባል፣ ሲፈቀድለትም ይሰብካል፤ ቅዱስ ቁርባኑን መባረክ ግን የካህኑ ድርሻ ነው። የእንግሊዝ ጳጳሳት ይህን አገልግሎት መልሰው ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1866 ሲሆን፣ ለሴቶች የተፈቀደው ደግሞ በ1969 ነው።

የአገልግሎቱን ክብደት ያሳየኝ ግን የጋሞው መንደር ኦቾሎ ነው። አርባ ምንጭ ያለ አንድ መጋቢ ወዳጄ እዚያ እንዲሰብክ ተጠርቶ «አብረን እንውጣ» አለኝ። ወሩ ሚያዝያ ነበር፤ የጋሞ ሚያዝያ ደግሞ ዝናብ አያጣም። በወላይታ ሶዶ መንገድ የጫኖን ሙዝና ማንጎ አልፈን ላንቴ ደረስን። ከአስፋልቱ ወጥተን ወደ ዳገቱ ከመታጠፋችን የተሳፈርንበት ባጃጅ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ወርደን ገፋን። ጎማው ተሽከረከረና የመጋቢውን ነጭ ሸሚዝ በጭቃ አለበሰው። ደግመን ስንገፋ እግሩ ድንጋይ ላይ ተንሸራቶ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። ወዲያው አበጠ። ላንቴ አንድ ደግ ቤተሰብ ዘንድ አሳረፍነውና «አንተ ውጣ፤ ሕዝቡ እኔን ሲጠብቅ እንዳይውል ንገርልኝ» ብሎ ላከኝ።

ኦቾሎ አለት ላይ የተቀመጠ መንደር ነው። በጥሩ ቀን ከላይ ሆነው ሲያዩት አባያ ሐይቅ ቀላ ብሎ ከሥር ይዘረጋል። በዚያ ቀን ግን ጉሙ እንኳን ሐይቁን ከፊቴ ያለውንም መንገድ ሸፍኖታል። የረገጥኩት የእግር መንገድ ወስዶ አንድ የእንሰት ጓሮ ውስጥ አገባኝ። አንዲት አሮጊት ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ በዚህ ዝናብ ወዴት ነው?»

«ወደ ጸሎት ቤት ነበር፣ እማማ።»

ሌላ አልጠየቁኝም፤ የልጅ ልጃቸውን ጠርተው መንገድ እንዲመራኝ አዘዙልኝ። ልጁ በባዶ እግሩ በአለቱ ላይ እየዘለለ፣ እኔም በእጄ ጭምር እየቧጠጥኩ ወጣን።

ሕዝቡ ሰባኪ አጥቶ ተክዞ ይጠብቀኛል ብዬ ነበር። ጉባኤው ግን ተጋምሷል። ፊት ለፊት የቆመው ቆላ ወርዶ ሙዝ የሚያለማ ገበሬ ነው፤ ጉንጩ ላይ የቁንጭር ጠባሳ አለው። ገበሬው አንድ ቁጥር በአማርኛ ያነባል፤ ከዚያ በጋሞኛ ያስረዳል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበውና ድምፁ አልሰማ ሲል ጣቱን ካቆመበት ቁጥር ላይ ሳያነሣ መዝሙር አስጀመረ። ሲያባራ ካቆመበት ቀጠለ። መልእክቴን ስነግረው ደግሞ «ማን አብሮት አለ? የት ነው ያረፈው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጉባኤው ለመጋቢው እንዲጸልይ አደረገና ሁለት ጎረምሶች ቃሬዛ ይዘው ወደ ላንቴ እንዲወርዱ መደበ። እኔንም ልብሴን እሳት ዳር አድርቀው፣ ቆጮና ሃይታ ቱኬ የሚባለውን የቡና ቅጠል መጠጥ አቅርበው አስተናገዱኝ።

በእርግጥ በጋሞ ምድር ሰው ከጎረቤቱ መካከል ተነሥቶ መናገሩ እንግዳ ነገር አይደለም። ዱቡሻ በሚባለው የጉባኤ ስፍራ የሀገር ጉዳይ በአደባባይ ይመከራል። ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርክ አቤሌስ የኦቾሎን ጉባኤዎች አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1983 መጽሐፍ አሳትሟል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ በደረሰው ግድያ የተቆጡ ወጣቶች አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል ሲነሡም ከፊታቸው ተንበርክከው የመለሷቸው እርጥብ ሣር የያዙ የጋሞ ሽማግሌዎች ናቸው። በእጃቸው የመንግሥት ደብዳቤ አልነበረም።

ቤተ ክርስቲያንም በሀገራችን በዚህ መንገድ ቆማለች። ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. የውጭ ሚስዮናውያንን ከወላይታ ሲያስወጣ የቀሩት የተጠመቁ አማኞች አምሳ አይሞሉም ነበር። በእጃቸው የነበረው ጥቂት የተተረጎመ የመጽሐፍ ክፍል ነው። እርስ በርስ እያነበቡ፣ እየታሰሩና እየተገረፉ ጸኑ፤ ጣሊያን ሲወጣ ቁጥራቸው 10,000 ገደማ ደርሶ ነበር። ከእነርሱ የወጡ ወንጌላውያን ወደ ጋሞና ጎፋም ተሻግረዋል። ወደ ጥንቱ ብንመለስ፣ ፍሬምናጦስ ራሱ እስክንድርያ ሄዶ በአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ከመቀበሉ በፊት አክሱም ውስጥ ክርስቲያን ነጋዴዎችን ለጸሎት የሚያሰባስብ ምእመን ነበር። የጋምቤላ አንግሊካኖች የነገረ መለኮት ኮሌጃቸውን በስሙ ሰይመዋል። እዚያም አጥቢያው ብዙ፣ ካህኑ ጥቂት ነው፤ በአኙዋክ፣ በኑዌር፣ በኦፖና በማባን ጉባኤዎች ካህኑ በማይደርስበት እሑድ አምልኮውን የሚመራው ሌይ ሪደሩ ነው።

እነዚህ ሰዎች ካህን እስኪገኝ ቦታ የሚጠብቁ ጊዜያዊ ተተኪዎች አይደሉም፤ በየገጠሩ የቤተ ክርስቲያን ምሰሶ ናቸው። ስለዚህ የአብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ሆይ፣ ለሕንፃ ከምትሰበስቡት ገንዘብ ላይ ለአንባቢዎቻችሁ ሥልጠና፣ ለዓይናቸው መነጽር፣ ለእጃቸው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የታተመ መጽሐፍ መድቡላቸው። አንተም ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ በመንደራችሁ ማንበብ የምትችሉ ከሆነ በመጪው እሑድ ተነሥታችሁ አንብቡ።