ዓሣም ሻኛ አወጣ!

ወይ ዘመን! እናንተ እኩዮቼ፣ ጉልበታችሁን እያሻሻችሁ የምትሰሙኝ፣ እስኪ ሻኛ የማን ነበር? የበሬ። ይኸው ዛሬ ዓሣ ሻኛ አውጥቶ ወንዝ ለወንዝ ይንጎማለላል።

እኔ ያለሁበት የኖርዌይ ሰሜን ጫፍ፣ ፊንማርክ፣ ታና የሚባል ወንዝ አለ (የኛው ጣና አይደለም፤ እሱንማ እምቦጭ ወረሰው)። ጎዶሎ ዓመት በመጣ ቁጥር በበጋው ይህ ሮዝ ሳልሞን የሚሉት ጉድ ሳይጠራ ከች ይላል። ወንዱ ሊራባ ሲል ጀርባው ጉብ ይልና አያድርስ ነው መልኩ።

ጦሱ የሶቪየቶች ነው። የዓሣ ምርት እናብዛ ብለው በ1956 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከሩቅ ምሥራቅ፣ ከሳክሃሊን፣ እንቁላሉን ጭነው እዚህ አጠገባችን ኮላ ወስደው አስፈለፈሉት። ዓሣ ደግሞ ኬላ አያውቅም፤ በ1960 ኖርዌይ ገባ። አልበረከተም ነበር፣ ተመስገን ሳንል በ1985 ብርድ የለመደ ዘር ከዚያው ከሩቅ ምሥራቅ፣ ከማጋዳን፣ አመጡለት። በ2017 ወንዙን ሁሉ ሞላው፤ ስኮትላንድና አየርላንድ ድረስ ዘለቀ። ምን ያለ ዘመን ነው፣ ፍጡር ሁሉ ስደተኛ የሆነበት! እኔ ከጎጃም ወጥቼ እዚህ ስሰፍር እኮ ማንም ከተወለደበት ንቅንቅ አይልም ነበር።

ነባሩ ሳልሞን ጨዋ ነበር። ማለዳ ወንዝ ዳር ስቆም ብቅ ብሎ እጅ ይነሣኝ ነበር፤ መረቤንም ሳይበጥስ ራሱ ይገባልኝ ነበር። ልጆቹም ቢሆኑ ሦስት አራት ዓመት፣ ከዚያም በላይ፣ ወንዙ ውስጥ አድገው ነው ባሕር የሚወርዱት። የመጤው ጫጩት ግን ከጠጠሩ ሥር እንደወጣ እብስ! ቤት የለ፣ አሳዳጊ የለ። በሁለት ዓመቱ ወንዝ ወጥቶ፣ እንቁላሉን ጥሎ፣ እዚያው ሞቶ ይገማል። ለቀብር እንኳ አይመች! የኔዎቹም ልጆች ጢማቸው ሳይበቅል ኦስሎ ገብተው ቀሩ፤ ከዚህ ዓሣ ነው የተማሩት።

ነባሩ ስለተመናመነ ከ2021 ጀምሮ ታና ላይ እሱን ማጥመድ ተከለከለ። በ2023 ለመጤው አጥርና ወጥመድ ተዘረጋለት፤ በትንንሾቹ ወንዞች ብዙ ተያዘ፣ ታና ግን ሰፊ ነውና ብዙው አልፎ ሄደ። ድሮ ቢሆን አንድ ሽማግሌ ዳር ቆሞ ሲገሥጸው ይመለስ ነበር። ይህን ለጎረቤቴ፣ ለአገሩ ነባር ሕዝብ ለሳሚው አዛውንት፣ ግማሹን በኖርዌጅኛ ግማሹን በእጄ አስረዳዋለሁ። «እነዚህ መጤዎች የአገሩን ወግ አያውቁም!» ስለው ፈገግ ይላል። ምን እንደሚያስቀው እንጃ።

የመጤው ዓሣ ሥጋ ደግሞ ወንዝ ውስጥ ሰንበት ካለ ይላሽቃል፣ ለአፍ የሚሆን አይደለም። ከባሕር በትኩሱ የተያዘውን ሲያመጡልኝ ግን ነውር ስለሆነ አልመልስም፤ በሚጥሚጣ ጠበስ አድርጌ የምበላው ለመታዘብ ያህል ነው። አንዳንዴ ሁለት ሦስት ዓሣ ድረስ እታዘባለሁ። የሚያናድደው አመጣጡ ነው፤ ጥብሱን ሳልጠግብ ፍልሰታ ይገባል። ጥንድ ዓመት ሲሆን ደግሞ እምብዛም ድርሽ አይሉም! ማቀዝቀዣዬን ባዶውን አቅፌ ስቀመጥ የት ነው ያሉት? ሰው እንዴት አንድ ጊዜ መጥቶ ካስለመደ በኋላ ዓመት ይዘላል?