ሁለቴ ከፋዮቹ

ግብር ከፋዮች ነን። ይህን የምንለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ግብሩ ደመወዛችን እጃችን ሳይገባ ስለሚቆረጥ የመመጻደቅ ዕድሉም አልተሰጠንም። በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ በወር እስከ 2,000 ብር ያለውን ምሮ፣ ከ14,000 ብር በላይ ካለው ላይ 35 በመቶ ያነሳል። ያንሳ። ሳሙና ስንገዛ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ይሁን። ይህ ሁሉ ልጅ እንዲማርበት፣ የታመመም እንዲታከምበት ነው ተብለናል፣ አምነናልም። ችግሩ ልጃችንን የምናስተምረው በሌላ ገንዘብ መሆኑ ነው። የምንታከመውም በሌላ ገንዘብ ነው። ያኛው የት እንደገባ የጠየቅን እንደሆን መልሱ “ልማት ላይ ነው” ነው።

ከግል ትምህርት ቤቱ እንጀምር። መጀመሪያ የመመዝገቢያ አለ። መመዝገቢያ ማለት አዲስ ልጅ ሲመጣ ስሙን መዝገብ ላይ ለማስፈር ይመስል ነበር። ከነርሰሪ ጀምሮ እዚያው ግቢ ያደገ፣ የመጀመሪያ ጥርሱ የወለቀበትን ክፍል ሳይቀር መምህራኑ የሚያውቁት ልጅ ግን በየዓመቱ እንደ እንግዳ ይመዘገባል። ከዚያ የተርም ክፍያ አለ። የመጽሐፍ አለ። የሰርቪስ አለ። የዩኒፎርም አለ፤ ጨርቁ መርካቶ ሞልቶ ተርፎ ሳለ፣ ደረቱ ላይ ሎጎ ስላለበት ከትምህርት ቤቱ ሱቅ ብቻ ነው የሚገዛው። የከለር ዴይ ቲሸርት አለ፤ ልጁ ማታ ሊተኛ ሲል “ነገ ብርቱካናማ ልበሱ ተብለናል” ይላል፣ ከዚያ በጨለማ ብርቱካናማ ፍለጋ ነው። የኬጂ ምረቃ የጋዋን ኪራይ አለ። ስድስት ዓመት ያልሞላው ሰው ቆብ ደፍቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ይመረቃል። የሚመረቀው ወደ አንደኛ ክፍል፣ ማለትም ወደ ሌላ መመዝገቢያ ነው።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ደግሞ የወላጆች ስብሰባ ይጠራል። ማንም ሳይነግረን አጀንዳውን እናውቀዋለን። በር ላይ ወረቀት ይቀርብልንና እንፈርማለን፤ የመገኘት ፊርማ ነው ይባላል። ለልጆች በተሠራች ወንበር ላይ ጉልበታችንን ደረታችን ድረስ አጥፈን እንቀመጣለን። ርዕሰ መምህሩ “ውድ ወላጆቻችን” ብለው ይጀምራሉ። “ውድ” ሲሉን እንደነግጣለን። የቤት ኪራይ ጨምሯል፤ የመምህራን ደመወዝ መሻሻል አለበት፤ የወረቀት ዋጋ አይቀመስም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ዶላር የማይገባበት ነገር ጠፍቷል፤ ጠመኔውም ዶላር ነው፣ የመጸዳጃ ቤት ሳሙናውም ዶላር ነው። አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው “እኛስ ደመወዛችን በዶላር ነው እንዴ?” ይላሉ። ይጨበጨባል። አንድ አባት ተነስተው የክፍያ ጭማሪው በሦስት ዓመት ይከፋፈል ይላሉ። ይጨበጨባል። ሌላው ጭማሪው ጭራሽ አያስፈልግም ይላል። ለእሱ በደንብ ይጨበጨባል። ርዕሰ መምህሩም “አስተያየታችሁን በአክብሮት ተቀብለናል” ይላሉ፣ ሻይና ብስኩት ይመጣል፣ እንበተናለን።

ከሳምንታት በኋላ በልጁ ቦርሳ ውስጥ ደብዳቤ ይመጣል። “ከወላጆች ጋር በተደረሰው ስምምነት መሠረት” ይላል። ማን ነው የተስማማው? እኛ ነን። በር ላይ ፈርመናላ! ስምምነት ካልመሰለን ደግሞ ጨዋነት የተሞላበት መልስ አለ፤ አቅማቸው ያልፈቀደ ወላጆች ሌላ አማራጭ ማየት ይችላሉ። ሌላው አማራጭ ከመንገዱ ማዶ ያለው የግል ትምህርት ቤት ነው፤ እነሱም ስብሰባ ጠርተዋል።

ለዚህ ሁሉ ብር የምናገኘውን ደግሞ እንይ። ትምህርት ቤቱ ያለው ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ በተሠራ ቪላ ውስጥ ነው። ሳሎኑ ሦስተኛ “ኤ” ነው፣ ዋናው መኝታ ቤት ሦስተኛ “ቢ”። ሜዳ የለም። ልጆቹ በእረፍት ሰዓት የሚሯሯጡት በርዕሰ መምህሩ መኪናና በውኃ ታንከሩ መካከል ነው። ኳስ የሚያጫውት ሰፊ ግቢ፣ ጥላ የሚሰጥ የባሕር ዛፍና የጥድ ረድፍ ያላቸው እነዚያው በነጻ የሚያስተምሩት የድሮዎቹ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ናቸው። ግቢ ውስጥ በአማርኛ ያወራ ልጅ ይቀጣል፤ ስሙ ይጻፋል፣ አልፎ አልፎም በገንዘብ ይቀጣል፤ የቅጣቱም ከፋይ እኛው ነን። ልጁ እንግሊዝኛውን ይዞ ሲመጣ እንደሰታለን፣ አያቱ ስልክ ደውለው ሲያናግሩት ግን አስተርጓሚ እንሆናለን። ስድስተኛ ክፍል ሲደርስ የአማርኛ ውጤቱ ይወርዳል፣ በዚህ ጊዜ በአዲስ አበባ ተወልዶ በአዲስ አበባ ላደገ ልጅ የአማርኛ አስጠኚ እንቀጥራለን። አስጠኚው ማነው ቢሉ፣ ጠዋት በመንግሥት ትምህርት ቤት በነጻ የሚያስተምረው መምህር ነው።

“ታዲያ ማን አስገደዳችሁ?” የሚል አይጠፋም። ነገሩ ልክ ነው፣ በወታደር ተከበን አልተመዘገብንም። የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒፎርምና ደብተር ይሰጣሉ፣ ተማሪ ይመግባሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ርቦት ክፍል ውስጥ የሚወድቅ ልጅ የነበረበትን ጊዜ የምናስታውስ አናቃልለውም። ነገር ግን የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ 3.3 በመቶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሲሆን ተሻሻለ ብለን ተደሰትን። ይህን የሰማ ወላጅ ልጁን ይዞ ይሸሻል። ወዴት ቢሉት አያውቅም፤ ከወደቁትም መካከል በክፍያ የተማሩ አሉበት። የምንገዛው ትምህርቱን ሳይሆን ፍርሃታችንን የሚያስታግስ ደረሰኝ ነው። ትምህርት ቤቶቹም ይህን ያውቃሉ፤ ባያውቁ ኖሮ እንዲህ ተረጋግተው አይጨምሩም ነበር።

ፍትሕ የሚለውን ቃል ከማንሳታችን በፊት ደግሞ የትምህርት ቤታችንን ዘበኛ እንይ። ጠዋት ጠዋት የክፍያ ደረሰኝ የማያሳይ ልጅ እንዳይገባ የሚከለክሉት እሳቸው ናቸው፤ በፈገግታ፣ “ምን ላድርግ እናቴ፣ ታዝዤ ነው” እያሉ። የሳቸው ልጅ መንግሥት ትምህርት ቤት ነው የሚማረው፣ በፈረቃ። እኛ የጮኽንበት የአንድ ተርም ጭማሪ ብቻውን ከወር ደመወዛቸው ይበልጣል። እሮሯችንን ለሳቸው ለማሰማት ስንሞክር ግን ልብ ብለው ያዳምጣሉ፣ “አይ ዘመን!” ይላሉ። ይህን ያህል ትሕትና ባይኖራቸው ይሻለን ነበር።

ወደ ሕክምናው እንለፍ፤ የባሰ አለ። መንግሥት ሆስፒታል ለመታከም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ መሰለፍ ነው። ካርድ ክፍል ሰልፍ አለ። ካርዱ ከወጣ በኋላ የተመላላሽ ሕክምና ሰልፍ አለ። ሐኪሙ ጋ ሲደረስ ላብራቶሪ ይታዘዛል፣ እዚያም ሰልፍ አለ፣ ሰልፉም ሲያልቅ “ይሄን ምርመራ አንሠራም፣ ኬሚካሉ አልቋል፣ ውጭ አሠሩ” ይባላል። የኤምአርአይ ማሽኑ ተበላሽቷል፤ የተበላሸበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው ጡረታ ወጥቷል። ስፔሻሊስቱ ጋ ለመቅረብ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ቀጠሮው ወራት ይርቃል። ታማሚው “እስከዚያ ብሞትስ?” ሲል ነርሷ “አይዞዎት አባቴ፣ አይሞቱም” ትላለች። ከልቧ ነው፤ ሌላ የምትሰጠው ነገር የላትም።

ያንኑ ስፔሻሊስት ዛሬ ማግኘት የፈለገ ግን ይችላል። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ፣ ሁለት ታክሲ ወዲያ፣ በግል ክሊኒክ። ያው ሰው ነው። ያው መነጽር፣ ያው እጅ። ልዩነቱ ማታ ላይ ፈገግ ማለቱና ስማችንን መጠየቁ ነው። በሐኪሙ አንፈርድም፤ በመንግሥት ደመወዝ ብቻ ኑር ብንለው እሱም ሰልፍ ይገባል። የሚገርመው ክሊኒክ ድረስ መሄድ እንኳ የማያስፈልግበት ጊዜ መኖሩ ነው፤ የጤና ፋይናንስ ማሻሻያው ከፈቀዳቸው ነገሮች አንዱ በመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ የሚከፈት የግል ክንፍ ነው። ያው ሕንጻ፣ ያው አልጋ፣ ያው ሐኪም፣ በሌላ ሰዓትና በሌላ ዋጋ። ሕንጻው በግብራችን ተሠራ፣ ሐኪሙ በግብራችን ተማረ፤ ሲመሽ ወደዚያው ሕንጻ ገብተን ያንኑ ሐኪም በጥሬ ገንዘብ እናገኘዋለን።

የግሉ ሆስፒታል ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። ሌላ ቦታ የተሠራ ውጤት አይቀበልም፣ ደሙ ትናንት የተቀዳ ቢሆንም እንደገና ይቀዳል። ያልጠየቅነው ነገር ሁሉ ይመረመርልናል፤ ጉሮሮ አሞን ገብተን የኩላሊታችንን ሁኔታ አውቀን እንወጣለን። የሚተኛ ታማሚ ካለ ቀብድ ይጠየቃል፣ ቀብዱ እስኪገባ ወንበር ላይ ይቆያል። ሒሳቡ ሲመጣ ጓንቱ በጥንድ፣ ጥጡ በግራም ተቆጥሮ ነው። ጥጥ እንኳ ቆጥሮ የሚያውቅ ቤት ሕመሙን አለማወቁ ያናድዳል።

መድኃኒቱስ? ሐኪሙ ከጻፈው ግማሹ ከግቢው ፋርማሲ ይገኛል፣ ግማሹ “ከውጭ ይግዙ” ነው። ከነማ ፋርማሲ ሰልፍ አለ፣ ቀይ መስቀል ፋርማሲ ሰልፍ አለ፣ ከዚያ ሰልፍ የሌለበት የግል ፋርማሲ ይገኛል። ሰልፍ የሌለበት ለምን እንደሆነ ዋጋውን ስንሰማ ይገባናል።

መድን የለም ወይ? አለ። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ዛሬ በብዙ ቦታ ተስፋፍቷል፤ ለደሃው ትልቅ ነገር ነው። የመድን ካርድ ያላት ጎረቤታችን ግን ሕክምናው በነጻ ሆኖላት ለመድኃኒቱ ወደ ውጭ ተልካለች፤ ውጭ ያለው ፋርማሲ ደግሞ ካርዷን አያውቀውም። ለደመወዝተኛው የሚሆነው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ በኋላ በወጣው ደንብም ሠራተኛው 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ ያዋጣል ተባለ። ሊጀመር ነው ሲባል የሠራተኛው ማጉረምረም ይሰማል፣ ይዘገያል፤ ደግሞ ሊጀመር ነው ይባላል። ያጉረመረምነው እኛው ነን። ከደመወዛችን ሌላ መቶኛ ይነሳ ሲባል “ደግሞ ለዚህም?” አልን። ይህን ያስተማረን ማን ሆነና!

እድራችን በበኩሉ ስንሞት እንጂ ስንታመም አይከፍልም። ለድንኳኑና ለንፍሮው ተዘጋጅቷል፤ ከዚያ በፊት ያለው የራሳችን ጉዳይ ነው። እናም መንገድ ላይ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ስናይ፣ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን የታማሚ ፎቶና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ስናይ፣ ከኪሳችን ያለችውን እናወጣለን። ዋሽንግተን ያለው ዘመድም ይልካል፣ ጎፈንድሚ ይከፈታል። ይህ እንግዲህ ሦስተኛው ክፍያ ነው፤ በፈቃደኝነት የሚሰበሰብ የሕክምና ግብር።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ዜጋ ሁሉ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት አለው ይላል፤ መንግሥት ለጤናና ለትምህርት የሚመድበው ሀብትም በየጊዜው እየጨመረ እንዲሄድ ያዛል። መጨመሩስ በየዓመቱ ይጨምራል፣ በኛ በኩል። እውነቱን ለመናገር፣ ፍትሕ የለም ስንል የተበደልነው እኛ ብቻ አይደለንም። ደብዳቤ መጻፍ፣ ኃላፊ ፊት ቆሞ መሟገት፣ “የላብራቶሪ ኬሚካሉ ለምን አለቀ?” ብሎ መጠየቅ የሚችለው ሰው ሁሉ ከፍሎ ወጥቷል፤ ሰልፉ ላይ የቀሩት “አይ ዘመን!” የሚሉት ናቸው። ስለ መንግሥት ትምህርት ቤት የሚወስኑ ሰዎች ልጆች የት እንደሚማሩ መጠየቅ ነውር ስለሆነ አንጠይቅም፤ ከለር ዴይ ላይ ግን እናገኛቸዋለን።

አንድ ነገር ብቻ እንጠይቅ ብለን አስበን ነበር። ነጋዴ ትርፉን ሲያሰላ የመኪናውን እርጅና ይቀንሳል፤ ነዳጁን ይቀንሳል፤ ኪራዩን ይቀንሳል። የተቀጣሪ ሰው ግብር ሲሰላ ግን የልጁ እድገት አይቀነስም፣ የሐኪም ደረሰኙም አይቀነስም። ቢያንስ ይህ ይታሰብልን ብለን ሒሳብ አዋቂ ወዳጃችንን አማከርነው። “መኪና ገቢ ያስገኛል፤ ልጅ ምን ያስገኛል?” አለንና ሰዓቱን አይቶ ተነሳ። የወላጆች ስብሰባ ነበረበት።