በቃል የተዋዋልነው ሥራ

ደንበኛ «ወንድሜ» ካለኝ ዋጋ ሊያስቀንሰኝ ነው። በትርጉም ሥራ ስኖር የዝምድናን ተመን ለይቼ አውቄዋለሁ፤ «ወንድሜ» አሥር በመቶ፣ «የኛ ሰው» ሃያ፣ «አንተማ ቤተሰብ ነህ» ከተባለ ደግሞ ሥራው በነጻ ሆኖ ምሳ እጋበዛለሁ። «አቶ» የሚሉኝ ብቻ ሙሉውን ይከፍላሉ፤ እነሱም ዘግይተው።

ባለፈው የተጣላኋቸው ሴትዮ «ወንድሜ» ባይ ናቸው። ከውጭ በሚመጣ እርዳታ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ኃላፊ ናቸው። ወደ አማርኛ የሚመለስ ወፍራም የሥልጠና መመሪያ ሰጡኝ። በቃል ተዋዋልን፤ ክፍያው በየቃሉ፣ ውሉም በቃል። ቀብድ ስጠይቅ «በእኔና በአንተ መካከል?» ብለው ከልባቸው አዘኑ።

ጠቡ የመጣው ሥራው አልቆ ሲቆጠር ነው። እኔ የቆጠርኩት እንግሊዝኛውን፣ እሳቸው ያስቆጠሩት አማርኛውን። ላላየው ሰው ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል። አማርኛ ግን ለተርጓሚ ኪስ የሚያዝን ቋንቋ አይደለም። ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና አሉታውን ሁሉ ግሱ ላይ ይጭናል፤ እንግሊዝኛ አምስት ቃል የሚያወጣበትን «አልነገርኩትም» ብሎ በአንድ ይገላገለዋል። «በ» እና «ለ»ም ስም ላይ ተለጥፈው ስለሚኖሩ ለብቻቸው አይቆጠሩም። የእሳቸው ሂሳብ ከእኔው በሲሶ ያህል አነሰ።

«ወንድሜ፣ የጻፍከው እኮ ይሄው ነው። ላልጻፍከው ልክፈልህ?» አሉኝ። ነገሩ ስለሚያሳምን ለጥቂት ጊዜ እኔም የእሳቸው ወገን ሆኜ ነበር።

በነገራችን ላይ የመሥሪያ ቤት አማርኛ ለምን እንደረዘመ የገባኝ ያን ቀን ነው። «ገመገሙ» ማለት እየተቻለ «የግምገማ ሥራን የማካሄድ ተግባር ተከናውኗል» ብሎ የጀመረ ሰው፣ በአማርኛው ቃል ቁጥር የሚከፈለው ተርጓሚ መሆን አለበት። ልጆች ይኖሩታል፤ አልፈርድበትም።

እኔም በበኩሌ ዶላሩን አነሳሁ። «የምትከፍሉኝ ዶላር 57 ብር ግድም ሳለ በተተመነው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ዋጋ ለገበያ ከለቀቀ በኋላ በጥቂት ሳምንት 100ን አለፈ። ለእናንተ የሚላከው በዶላር ነው፤ እኔ ዘይት የምገዛው በብር» አልኳቸው።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ዶላሩ ሲወጣ አንተም አብረህ ወጣህ እንዴ?»

ሽምግልና የገባችው የፋይናንስ ሠራተኛዋ ናት፤ ለእርቁ ተጨንቃ ሳይሆን የፕሮጀክቱ ሂሳብ ሊዘጋባት ስለሆነ። «ማን እንደሚረታ አያገባኝም። ደረሰኝና ቲን ነምበር አምጣ፤ ቲን ከሌለህ 30 በመቶ እቆርጣለሁ» አለችኝ። ወንድሜ ስላላለችኝ አመንኳት። ፍርዷም አጭር ነበር፦ ያሁኑ ሥራ በድሮው ዋጋ ይከፈል፣ ቀጣዩ በአዲስ ዋጋ፤ ቆጠራው ሁልጊዜ ከመነሻው ጽሑፍ ይሁን፤ ግማሹ በቀብድ ይሰጥ። ተጻፈ፣ ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት። ቼክ ፈራሚው ፊልድ ወጥተው ስለነበር ገንዘቡ ሰነበተ እንጂ መጣ።

በቀደም ሴትዮዋ ደወሉልኝ። አዲስ ሥራ መጥቷል፤ እንደ ፊተኛው ወፍራም ነው፤ ክፍያው በአዲሱ ዋጋ፣ ቀብዱም ዛሬውኑ። ገንዘቡ ከገባልኝ በኋላ ፋይሉን ብከፍተው፣ ወደ እንግሊዝኛ የሚመለስ አማርኛ ነው። ያውም ምንም ያልተንዛዛ፣ እጥር ምጥን ያለ አማርኛ።

ስደውል ውሉን ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው ይጠብቁኝ ነበር። «ቆጠራው ከመነሻው ጽሑፍ ነው ይላል፤ ፊርማውም ያንተው ነው» አሉኝ። አንድ ሁለት ስል አላስጨረሱኝም።

«ምን ሆነሃል ወንድሜ? ያኔ ላልጻፍከው ከፈልንህ። አሁን ለምትጽፈው ባንከፍልህ ምን አለበት?»