ሙዚየሙ ማዶ፣ እኛ ወዲህ

የካናዳዋ ዊኒፔግ የሚታይ ነገር አጥታ አታውቅም። ያስቸገረን የሚታየው ዘንድ መድረሱ ነው። ከአገር ቤት ዘመድ በመጣ ቁጥር፣ «እስቲ ከተማችሁን አሳዩን» በተባልን ቁጥር፣ ደስ ይለናል፤ ወዲያውም ጭንቅ ይይዘናል።

የፖርቴጅና የሜይን ጎዳናዎች የሚገናኙበትን መስቀለኛ መንገድ እንይ። የከተማዋ እምብርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በኮንክሪት ታጥሮ፣ እግረኛ እንዳይሻገርበት ተከልክሎ፣ አርባ ስድስት ዓመት ተዘግቶ ኖረ። ምክንያቱ ውል ነው፤ ከተማዋ ከምድር በታች የገበያ አዳራሽ ከሚሠሩ ባለሀብቶች ጋር ተዋዋለች፤ ሰው ሁሉ ከታች እንዲያልፍ ተፈረደበት። ማዶ ያለው ሕንፃ እየታየን ደረጃ ወረድን፣ ክቡን መተላለፊያ ዞርን፣ መውጫው ጠፋን፣ ጠየቅን፣ ወጣን፤ ስንወጣ የተነሣንበት ጥግ ላይ ነን። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አክስታችን «ልጆቼ፣ መንገዱ ይኸው አይደለም እንዴ? ለምን አንሻገርም?» ሲሉን ምን እንመልስ? በ2018 ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ከመራጩ ከመቶ 65 ያህሉ ይከፈት የሚለውን አልተቀበለም። መኪና ይዘገያል ተብሎ! በሰኔ 2025 ተከፈተልን፤ የተከፈተው ግን ለእግረኛ ታዝኖ አይደለም። ከአስፋልቱ ሥር ውሃ እንዳይሰርግ የተነጠፈው ሽፋን አርጅቶ፣ ማደሱ ከ70 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚፈጅ ስለተገመተ ነው። የሰው እግር ያላስከፈተውን መንገድ የሚያፈስ ሽፋን አስከፈተው።

አየሩም አያግዘንም። በበረዶው ወራት አንዳንዴ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ይሆናል፤ ማታ የሞተር ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ያልተሰካ መኪና ጠዋት ላይነሣ ይችላል። በረዶው ሲቀልጥ ጭቃ ነው፤ ጭቃው ሲደርቅ ቢንቢ ነው፤ ከቢንቢው ጋር የመንገድ ቁፋሮ ይመጣል። ትናንት ያለፍንበት ዛሬ ታጥሯል፤ ዛሬ ያዞሩን በኩል ነገ ይቆፈራል።

ፎርክስ በሚባለው ስፍራ፣ ቀይ ወንዝና አሲኒቦይን ወንዝ በሚገናኙበት፣ በ2014 የተከፈተው የሰብአዊ መብቶች ሙዚየም አለ። ማማው 100 ሜትር ነው፤ ከውስጥ እየበራ የሚያወጣው የአልባስጥሮስ መወጣጫ ሲደመር ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ብዙዎቻችን በስደት የመጣን ነን፤ እዚያ የተጻፈው ጉዳይ የራሳችን ነው፤ ቆመን ልናነበው እንፈልጋለን። ልባችን ግን ከውጭ ያቆምነው መኪና ላይ ነው። የከፈልንበት ሰዓት ያልቃል፣ ቅጣት ይለጠፋል፤ አንዳችን ከመሀል ወጥተን ክፍያ ልንጨምር እንሮጣለን። በመሀል ከተማ ስንት አሮጌ ሕንፃ ፈርሶ መኪና ማቆሚያ ሆኗል፤ ሕንፃውንም አጣን፣ ማቆሚያውም አልረከሰልንም።

ደግነቱ ከሙዚየሙ አጠገብ በሉዊ ርዬል ስም የተሠራ የእግረኛ ድልድይ አለ። ወንዙን ተሻግሮ ወደ ቅዱስ ቦኒፋስ ያደርሳል፤ በ1968 ተቃጥሎ የፊት ግንቡ የቀረው ካቴድራል ግቢ ውስጥ የርዬል መቃብር አለ። የክፍለ ሀገራችን የማኒቶባ መሥራች የሚባለው ሰው ነው፤ በ1885 ሬጂና ላይ ተሰቀለ። በከተማዋ ውስጥ እንደ ሰው የምንራመደው እዚህ ድልድይ ላይ ነው። ይህን ያህል የሚያምር ነገር መሥራት ከቻሉ፣ ሌላውንስ ምን ከለከላቸው?

የቀረው ሁሉ ርቀት ነው። ለብዙ አገሮች ሳንቲም የሚመታበት ፋብሪካ በምሥራቅ ዳር፣ ከመሀል ከተማ ርቆ ነው። አውቶብስ እንጠብቃለን፣ ይዘገያል፤ ሲመጣ ሞልቷል፤ ሲያደርሰን የጉብኝቱ ሰዓት አልፏል። ሌላ ቀን ወደ አንዱ ሙዚየም እንሄዳለን፤ ሰኞ ነው፣ ዝግ ነው። የአገር ቤት ሰው ለጥቂት ሳምንት ነው የሚመጣው፤ ሰኞን መዝለል አይችልም። ሰኞ ይከፈትልን፣ አውቶብስ ይጨመርልን፣ ፌርማታው ላይ ከነፋሱ የሚከልል መጠለያና አክስታችን የሚያርፉበት አግዳሚ ወንበር ይሠራልን።