መስከረም 21 ቤት የሉም

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ኦክቶበር 1 የዓለም አረጋውያን ቀን ሆኖ እንዲታሰብ የወሰነው በ1983 ዓ.ም. ነው። ቀኑ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 21 ላይ ይውላል። ያን ጊዜ አንድ ወሎዬ ቢጠየቅ ኖሮ «ሌላ ቀን ፈልጉ» ይላቸው ነበር። መስከረም 21 ግሸን ማርያም ትነግሣለች፤ ሊታሰቡ የታሰቡት አረጋውያን ዱላቸውን ይዘው የአምባሰልን ዳገት እየወጡ ነው። «እምዬ፣ ጉልበትዎን ይጠብቁ» እያለ ሲመክር የከረመው የልጅ ልጅ ደግሞ ከታች ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያለከልካል።

እዚህ ፍላቂት ሽማግሌና ባልቴት የሚቸገሩት በዳገት አይደለም። የሚቸገሩት ከአዲስ አበባ በሚመጣ እንክብካቤ ነው። ልጆች ለፋሲካ ሲመጡ፣ ጋሸና ላይ ወደ ላሊበላ የሚታጠፈውን ትተው በወረታው መንገድ ቀጥ ይሉና ወላጅ አልባሌ ኑሮ እንዲኖር አንፈቅድም ብለው ይወርዳሉ።

ለአያቴ ሶፋ አመጡላቸው። እምዬ ዕድሜያቸውን በሙሉ የተቀመጡበት የጭቃ መደብ ጉልበት ልክ ነው፤ አይሰምጥም፤ ሲነሱ መዳፋቸውን ያሳርፉበታል። የጤና ባለሙያ ለአረጋዊ ወንበር ምረጥ ቢባል የሚመርጠው ይህንኑ ነው፦ ጠንካራ፣ ከፍ ያለ፣ እጅ የሚደገፉበት። ሶፋው ግን ገና እንደተቀመጡበት ዋጣቸው። ልጆቹ ፎቶ ሲያነሡ ቆዩ። እሳቸው «ፎቶው ካለቀ አውጡኝ» አሉ። አሁን ሶፋው ላይ ዶሮዎቹ ያድራሉ።

ከሶፋው ጋር የፕላስቲክ ምንጣፍም መጥቶ ነበር፤ ያ እንኳ አያስቅም። ጠርዙ ይጠቀለላል፣ ውሃ ሲነካው ያንሸራትታል፤ በዚህ ዕድሜ የዳሌ አጥንት ከተሰበረ ደግሞ ዳግም መቆም ይቸግራል። ምንጣፉን አንሥቶ፣ ሌሊት ወደ ደጅ ለሚወጡበት አንድ የእጅ ባትሪ ራስጌ ማኖር ይሻል ነበር።

ስለ ጩኸትም ልናገር። ጆሮ በእርጅና ሲደክም አስቀድሞ የሚያመልጠው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ ሰው ሲጮህ ደግሞ ድምፁ ይቀጥናል። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ በጮኸች ቁጥር እምዬ የሚሰሙት እያነሰ፣ ጎረቤት የሚሰማው እየበዛ ይሄዳል። «ሽንትዎን ያቃጥልዎታል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ የሰማው ሰፈሩ በሙሉ ነው። ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ድምፅን ወፈር፣ ንግግርን ዘግየት ማድረግ ይበቃ ነበር።

ጤና ጣቢያ ሲሄዱ የሚሆነው ይብሳል። ነርሷ «እምዬ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎ?» ትላለች። አጎቴ «ወገባቸውን» ብሎ ይመልሳል። «ከመቼ ጀምሮ?» አሁንም አጎቴ። በመጨረሻ እምዬ ክንዱን ይዘው ወደ ነርሷ ገፋ አደረጉትና «ወገቡ የሱ ከሆነ መርፌውንም እሱኑ ውጊው» አሉ።

የኪኒናቸው ማኖሪያ የነጠላቸው ጫፍ ነው። የግፊቱ፣ የጨጓራው፣ ጎረቤታቸው «እኔን ፈውሶኛል» ብላ የሰጠቻቸው ቀዩ፣ ሁሉም በአንድ ቋጠሮ። የግፊቱን ሲሻላቸው ይተዉታል፤ ግፊት ግን ሳያሳምም ነው የሚጎዳ፤ መድኃኒቱ «ተሻለኝ» ተብሎ አይቋረጥም። በሁዳዴ 55 ቀን ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም ኪኒንም የለም። ልጆቹ በስልክ «ጾሙን ይተዉ!» እያሉ ይጣላሉ። እኔ ሳየው፣ የዘጠና ዓመት ጾመኛን በስልክ ማስፈሰክ አይሞከርም። ሽማግሌ ጥማቱ እንኳ በወጉ ስለማይታወቀው ነገሩ ቀላል አይደለም፤ መላው ግን አለ። ቋጠሮውን እንዳለ ለጤና ባለሙያው ማሳየትና መድኃኒቱ በስንት ሰዓት እንደሚዋጥ መጠየቅ፣ ከዚያ የነፍስ አባታቸውን መላክ። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ፈቃድ አላት፤ ካህኑ «ይዋጡት» ካሉ እምዬ ይውጣሉ።

ሥራ ማስጣልም አለ። «ደከሙ እኮ፣ ይረፉ» ብለው እንዝርታቸውንና የበግ ፀጉራቸውን ቆጥ ላይ ሰቀሉባቸው። ለባና የሚሆን ፈትል የሚፈትሉት እሳቸው፣ ለየትኛው ልጅ እንደሚሰጥ የሚወስኑትም እሳቸው ነበሩ። እንዝርቱ ከተሰቀለ በኋላ በሳምንቱ ወገብ፣ ራስ፣ ሆድ፣ ሁሉም ተራ በተራ ታመመ። ሲወርድላቸው ዳኑ።

የመጨረሻው የልጆቹ ጥበብ መርዶ መደበቅ ነው። ላስታ ያሉት የእምዬ ወንድም ሲያርፉ ቤተ ዘመድ መከረ፦ ደንግጠው ይሞቱብናል፣ አይነገራቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በጓሮ ተለቀሰ፣ በሹክሹክታ ተወራ፣ ጥቁር የለበሰ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ሲገባ ነጠላ ደረበ። በመጨረሻ አጎቴ ካህን ይዞ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «እምዬ፣ እንግዲህ የእግዜር ሥራ ነውና…» ብሎ ጀመረ።

«ለተዝካሩ ጌሾ ተገዛ ወይ?» አሉት።

የሰሙት በገበያ ቀን፣ ከላስታ ከመጡ ሴቶች ነበር። አልቅሰውም ጨርሰዋል። አጎቴ ተናዶ «ታዲያ ምነው ዝም አሉን?» ቢላቸው፣

«እናንተ እንዳትደነግጡ ብዬ ነዋ» አሉ።