ገንዘብ ያዡን አገናኙኝ

መክፈል አልጠላም፤ ይህ ከሁሉ በፊት ይያዝልኝ። ደሴ ሳለሁ የመብራቱንም የውሃውንም የእድሩንም ቀኑ ሳያልፍ ስከፍል የኖርኩ ሰው ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩትም መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው። ሞዴል 64 ደረሰኝ ሳይቆረጥለት በእጄ ያለፈ ሳንቲም የለም። አዲስ አበባ መጥቼ መከራዬን የማየው ብር አጥቼ እንዳይመስላችሁ። ያጣሁት ብሩን የሚቀበለኝ ሰው ነው።

«አባዬ፣ ብቻህን አትኑር» ብለው ያመጡኝ ልጆቼ ናቸው። ብቻዬን እንዳልኖር ብለው አምጥተው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን አስቀመጡኝ። ልጄ ከነቤተሰቧ ያለችው ማዶ ካለው ብሎክ ነው። ሊፍት የሚባል ነገር የለም። ስለ ደረጃው ሌላ ጊዜ እናገራለሁ፤ ዛሬ ያለችኝን ትንፋሽ ለክፍያው እቆጥባታለሁ።

ኪራዩን እንኳ ሕግ ደርሶለታል። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ አዟል። ይባረኩ። ግን እዚያው ላይ ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈል ይላል፤ ይቺን ሳያማክሩኝ ነው የጻፏት። ኪራይ ማለት እኮ ወር ሲብት አከራይ ቤት ተሂዶ፣ ቡና ተጠጥቶ፣ የሚያፈሰው ጣሪያ በጨዋ ደንብ ተነስቶ፣ አከራዩም «ከክረምቱ በፊት አሠራዋለሁ» ብሎ ዋሽቶ የሚሰጥ ነገር ነበር። የኔ አከራይ ዱባይ ነው ያለው። ወሩን የሚቆጥረው በፈረንጅ ስለሆነ የእሱ ወር እኔ ሃያዎቹ ውስጥ ሳለሁ ይብታል። «ጋሼ፣ ወሩ ገባ እኮ» ብሎ መልእክት ይልክብኛል። የማን ወር?

መብራቱ በካርድ ነው። አስቀድመህ ከፍለህ ኋላ ትጠቀማለህ። ድሮ ቆጣሪ አንባቢው ደብተሩን ይዞ ቤቴ ድረስ ይመጣ ነበር፤ ውሻው ይያዝለታል፣ ጠላ ይቀዳለታል፣ ቁጥሩን ይጽፋል። አሁን ካርዱን ይዤ የምሄደው፣ ተሰልፌ የማስሞላው፣ ተመልሼ ቆጣሪው ላይ የምሰካው እኔው ነኝ። ይህም ይሁን። የከፋው ካርዱ ያለቀ ለት ነው። የሰፈር መብራት ሲጠፋ ለሁሉም እኩል ይጨልማል፤ ሰው በረንዳ ወጥቶ «የእናንተም ጠፋ?» ይባባላል፣ አብሮ ያማርራል፣ ደስ ይላል። ካርድ ሲያልቅ ግን ብቻህን ነው የምትጨልመው። ማዶ ቴሌቪዥኑ ይንቦገቦጋል፣ የጎረቤት ሽሮ ይንተከተካል፣ አንተ በዳበሳ ሻማ ትፈልጋለህ። «የእናንተም ጠፋ?» ብለህ ብትጠይቅ ገበናህን በራስህ አፍ ማውጣት ነው።

ታሪፉ ደግሞ እርከን እርከን አለው። እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የተጠቀመ በርካሹ ይከፍላል፤ ከዚያ ወዲያ ዋጋው በየእርከኑ እየከበደ ሄዶ ከ500 በላይ ያለው ሰባተኛው ላይ ያርፋል። ከመስከረም 2017 ጀምሮም ዋጋው በአራት ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ እንዲስተካከል ተወስኗል፤ ወደ ታች ተስተካክሎ ያየ ካለ ይምጣና ይመስክር። የእርከኑን ሐሳብ አልነቅፍም፤ ትንሽ የሚጠቀም ትንሽ ይክፈል፣ ብዙ የሚጠቀም ይበልጥ ይክፈል ነው። ነገር ግን አንድ የአገሬ ልጅ ኮልፌ፣ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ግቢው ውስጥ ስድስት ተከራይ፣ አንድ ቆጣሪ። የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ታችኛው እርከን ላይ የሚቀሩ ሰዎች ናቸው፤ አንድ ላይ ሲቆጠሩ ግን አናት ላይ ወጡ። ቆጣሪው ፊት ስድስት ድሃ ተደምሮ አንድ ሀብታም ሆነ ማለት ነው። አከራይቱ ታዲያ ሒሳቡን በዕቃ ታካፍላለች፤ ምጣድ ያለው ይህን ያህል፣ ፍሪጅ ያለው ይህን ያህል። ያ ወዳጄ ያለው አንድ አምፖልና አንድ ሬዲዮ ነው። የሬዲዮም አስከፈለችው። ሬዲዮው የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው።

ውሃው በቢል ነው የሚመጣው፤ ቢሉ ግን በኔ ስም አይደለም። በአከራዬም ስም አይደለም። ቤቱን መጀመሪያ በዕጣ ባገኙ አንዲት ሴትዮ ስም ነው። እኚህን ሴትዮ አይቻቸው አላውቅም፤ ስማቸውን ግን እስከ አያታቸው ድረስ በቃሌ እወጣዋለሁ። ቢሉ መድረሱን የሚናገረው መልእክት ደግሞ ቁጥሩ ተመዝግቦ ወደ ቆየው ስልክ፣ ማለት ወደ ዱባይ ነው የሚሄደው። እኔ ጀሞ ፊቴን የታጠብኩበት ውሃ ዱባይ ተነቦ፣ ከዱባይ ወደ ልጄ ስልክ ተላልፎ፣ ከልጄ ወደኔ ይደርሳል። ሲደርሰኝ ቀኑ አልፏል፤ ቅጣቱ ግን አያልፍም።

ለነገሩ የምከፍለው ለውሃ ብቻ መሰላችሁ? የኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። በተራው ቀን ከመምጣቱ በፊት ቧንቧው ያስነጥሳል፣ ያንቋርራል፣ ይተፋል፤ ያን ጊዜ ወርዳችሁ ቆጣሪውን ብታዩት ጠብታ ሳይወርድ ይሽከረከራል። አየሩ ነው የሚያዞረው። ስንት ዘመን ደሴ ላይ የጦሳ ተራራን አየር በነጻ ስስብ ኖሬ፣ ጀሞ መጥቼ አየር በሜትር ኩብ ገዛሁ! እዚያው ቢል ላይ የደረቅ ቆሻሻው ክፍያ ተለጥፎ ይመጣል። የምጠጣውና የምጥለው በአንድ ወረቀት።

ከነዚህ ሁሉ በላይ የብሎኩ ኮሚቴ አለ። ለጥበቃ፣ ለደረጃ ጽዳት፣ ውሃውን ወደ ሮቶው ለሚገፋው ፓምፕ መብራት፣ ለፓምፑ ጥገና፣ ፓምፑን የጠገነው ሰው ላበላሸው ለሌላው ዕቃ። ይህ መዋጮ ከሁሉም የበዛና ከሁሉም ምክንያት የለሽ ነው። ግን ልንገራችሁ፣ በዚህ ከተማ በደስታ የምከፍለው እሱን ብቻ ነው። ሰብሳቢዋ እትዬ ደብተር ይዘው፣ እስክሪብቶ ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ በር አንኳኩተው ይመጣሉ። «ባለፈው ወር ለአምፖል ከፍዬ የለም ወይ? አምፖሉ የታለ?» እላቸዋለሁ። «ተሰረቀ» ይሉኛል። «ጥበቃ የምንከፍለው ለምንድን ነው ታዲያ?» እላቸዋለሁ። ግማሽ ሰዓት እንጨቃጨቃለን፣ ቡና ይጠጣሉ፣ እከፍላለሁ፣ ይፈርሙልኛል። ክፍያ ማለት ይህ ነው!

ሌላው ሁሉ ስልክ ውስጥ ገብቷል። በ2005 ለሁሉ የሚባሉት መክፈያ ጣቢያዎች ሲከፈቱ ልጄን ልጠይቅ መጥቼ አይቻቸዋለሁ። መብራት፣ ውሃ፣ ስልክ፣ ሁሉም በአንድ መስኮት፤ ወንበር አለ፣ ወረፋ አለ፣ ወረፋው ላይ ወሬ አለ። ሥልጣኔ እዚያ ላይ ሊቆም ይገባው ነበር። አልቆመም። ግንቦት 2013 ቴሌብር መጣና ገንዘብ ያዡ ራሱ ከነመስኮቱ ኪሴ ውስጥ ገባ። ኮከብ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሰባት፣ መሰላል ትላለህ፤ ከዚያ ቁጥር ምረጥ፣ ከዚያ ሚስጥር ቁጥር አስገባ። ቀስ ብዬ መነጽሬን እስካደርግ ጊዜው አልፎበት ይዘጋል። የድሮ ገንዘብ ያዥ ቢያንስ መዝጊያ ሰዓቱን በር ላይ ይለጥፍ ነበር።

አንድ ቀን ብሬን ቋጥሬ መስኮት ፍለጋ ወጣሁ። ያገኘኋት ልጅ «አባቴ፣ ምን አደከመዎት? በስልክዎ መክፈል ይችላሉ እኮ» አለችኝ።

«መክፈል እንደምችልማ አውቃለሁ ልጄ። ተቀባይ ነው የምፈልገው» አልኳት።

ሳቀች። ደግ ልጅ ናት፤ ስልኬን ተቀብላ እዚያው ከፈለችልኝ። የቋጠርኩትን ብር እንደቋጠርኩ ይዤ ተመለስኩ። ተከፍሏል የሚባለው ነገር የፈረንጅ ፊደልና ቁጥር የተደበላለቀበት አንድ መስመር መልእክት ሆኖ መጣ። ማኅተም የለው፣ ፊርማ የለው። ይህን ኦዲተር ፊት አቅርቤ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጡረታ ላይ ሳይሆን ሌላ ቦታ ነበርኩ።

እድሩ ያድነኛል ብዬ ነበር። እሑድ ስብሰባ ሄጄ ወርሃዊዬን ለጸሐፊው ስዘረጋለት «ጋሼ፣ ጥሬ ብር አቁመናል፤ በሒሳብ ቁጥሩ ያስገቡ» አለኝ። ቀብር የቀረ ሰው የሚቀጣውን ጠየቅሁት። እሱም በሒሳብ ቁጥሩ ነው አለኝ። ለመቅበር ግን በአካል መምጣት ግዴታ ነው።

ስለዚህ የራሴን ሥርዓት ዘረጋሁ። መርካቶ ወርጄ ባለ ሦስት ቅጂ ካርኒ፣ ካርቦንና የማኅተም ቀለም ገዛሁ። የአሥራ አራት ዓመቷ የልጅ ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች፤ ብሩን ቆጥሬ እሰጣታለሁ፣ እሷ ከእናቷ ስልክ ትከፍላለች፣ ካርኒ ትቆርጥልኛለች፣ «ተቀባይ» በሚለው ላይ ትፈርማለች። አንዱ ቅጂ ለኔ፣ አንዱ ለእናቷ፣ ሦስተኛው ጥራዙ ላይ ይቀራል። ሒሳቡ እስካሁን ሳንቲም አልጎደለም። ባለፈው ቅዳሜ ግን ብዕሩን አስቀምጣ፣ «አባባ፣ አራት ፎቅ ወጥቼ ነው የምሠራው፤ የውሎ አበል ካልታሰበልኝ አልፈርምም» አለችኝ። ጥያቄዋን በጽሑፍ አስገቢ ብያታለሁ። አስገብታለች። በመታየት ላይ ነው።