«ክረምቱን እንዴት አሳለፋችሁ?»

የመስከረም መምህር ጠመኔ ካነሣ በኋላ ቀድሞ የሚመዘው መሣሪያ «ክረምቱን እንዴት አሳለፋችሁ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ድርሰት፣ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አንቀጽ፣ የክፍል ኃላፊ በሚባለው፣ ማለትም የአንድን ክፍል ስም ዝርዝር፣ ካርድና ጠባይ በሚከታተለው መምህር ዘንድ ደግሞ ራስን የማስተዋወቂያ ሥርዓት እየሆነ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሊመለስ ይችላል። ዓላማው ጎረምሳውም ኮረዳዋም ያለፈውን መለስ ብለው እንዲያስቡና እርስ በርስ እንዲተዋወቁ ቢሆንም፣ መልሱ ዘወትር «ቤተሰቤን በማገዝና መጻሕፍትን በማንበብ» የሚል ነው፤ ከዚህ ውስጥ ማገዙ እውነት ሲሆን፣ የመጻሕፍቱን ነገር ጠያቂውም መላሹም በስምምነት ያልፉታል።

ጉዳዩን ለመመርመር ከደብረ ሲና የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከሚበልጠው ከጣርማ በር ግርጌ ተቀምጣለች፤ ቁልቁል ሲወረድ መንገዱ የይፋትን ቆላ ይዞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወደምትገኘው ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። በዚህም ምክንያት ዘጠነኛ ክፍል፣ ማለትም ከስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና በኋላ የሚገባበት የሁለተኛ ደረጃ መጀመሪያ ሲከፈት፣ ከመዘዞ በኩል የመጣ የደጋ ልጅና ከአርማንያ በኩል የመጣ የቆላ ልጅ በአንድ ዴስክ ላይ ይጣበቃሉ። ያው የጣርማ በር ጉም ወደ ክፍሉ ሲገባ አንዱ ሞቀኝ ብሎ ሹራቡን ያወልቃል፣ ሌላው ነጠላ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ይቆልፋል። በመካከላቸው የሚቀመጠው የከተማ ልጅ ነው፤ እርሱም ቤቱ ከትምህርት ቤቱ አጥር አጠገብ ስለሆነ ከሁሉም ዘግይቶ ይመጣል።

ራስን የማስተዋወቅ ሥርዓቱ ይህን ሁሉ እንዲያሸንፍ የተጣለበት አደራ ከባድ ነው። ተማሪው ብድግ ብሎ ስሙን፣ የአባቱን ስምና የመጣበትን ቀበሌ ይናገራል፤ ድምፁ በዚያው ክረምት መጎርነን የጀመረ ከሆነ ስሙን በቀጭን ድምፅ፣ የአባቱን ስም በወፍራም ድምፅ ይጠራና የኋላው ረድፍ በሳቅ ይፈርሳል፣ ከእርሱ ቀጥሎ ያሉትም አደጋውን ስላዩ መሬት መሬት እያዩ ያንሾካሹካሉ። በ2000ዎቹ ዓመታት ትምህርት ቤቶችን ያዳረሰው የ«አንድ ለአምስት» አደረጃጀትም ተማሪን ከተማሪ ለማገናኘት የታሰበ ነበር፤ በእቅዱ መሠረት አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስቱን ሊመራ ነበር፣ በተግባር ግን ብዙውን ጊዜ አንዱ ሠርቶ አምስቱ ይገለብጡ ነበር። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ መገልበጥም ከጎን ያለውን ሰው ስም ማወቅን ይጠይቃል።

የክረምቱ ጥያቄ ዋና ጉድለት ግን ሌላ ነው። ለገበሬ ልጅ ክረምት የእርሻ፣ የአረምና የከብት ወቅት ስለሆነ ያለፈ ነገር አይደለም፤ የቆላው ማሽላ በመስከረም ገና ወፍ ጠባቂ ስለሚፈልግ፣ ዘግይቶ የተመዘገበ ተማሪ የሚጠየቀው ገና ስላልጨረሰው ሥራ ነው። ከዚህም የሚከብድ አለ፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ድረስ ዘልቆ ነበር፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተባባሰው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶችን ስለዘጋ፣ ትምህርቱ ሳይቋረጥበት የመጣ ተማሪና ዓመታት የተቋረጡበት ተማሪ በአንድ ክፍል ሊገናኙ ይችላሉ። እንዲህ ያለው ልጅ ከስድሳ ሰው ፊት «መጻሕፍት በማንበብ» ብሎ ሲቀመጥ ሰነፍ ሊባል አይገባውም፤ ያጠረው መልስ ጋሻው ነውና። ስለሆነም ብልህ መምህር ድርሰቱ እንዲጻፍ ያዝዝና ጮክ ተብሎ እንዲነበብ አያዝዝም።

እውነተኛው ትውውቅ ከሰዓት በኋላ በኪራይ ቤት ይጀመራል። ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡ ተማሪዎች ሁለት ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፣ ስንቃቸውንም፣ ማለትም ከቤት የተሸከሙትን የሳምንት ቀለብ፣ በአንድ ጥግ ይደረድራሉ። የደጋው ልጅ የገብስ በሶና ቆሎ ያመጣል፤ ደብረ ሲና በቆሎዋ ለመንገደኛ ሁሉ የታወቀች ስለሆነች ቆሎ ይዞ ወደ እርሷ መግባት ድፍረት ቢመስልም፣ የእናት ቆሎ ከገበያ ጋር አይወዳደርም። የቆላው ልጅ የማሽላ እንጀራና የማሾ ክክ ያመጣል። ሽሮው ገና ሳይንተከተክ የማን እናት በርበሬ ያቃጥላል፣ የማን ቤት ላም ወለደች፣ ማን በዚህ ዓመት እህቱን ዳረ የሚለው ሁሉ ይወጣል፤ መምህሩ በሦስት ክፍለ ጊዜ ያላገኘውን መረጃ አንድ ድስት በአንድ ምሽት ታወጣዋለች።

ከዚህ በመነሣት የክፍል ኃላፊው ጥያቄውን ቢያሻሽለው መልካም ይሆናል፤ «ክረምቱን እንዴት አሳለፋችሁ?» በማለት ፈንታ «ስንቃችሁ ምንድን ነው፣ ማንስ አሰናዳላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ተማሪው ስለ እናቱ፣ ስለ ማሳውና ስለ ዝናቡ ሳያስበው ይናገራል፣ የዴስክ ጎረቤቱም ምን እንደሚለዋወጠው ያውቃል። ጥያቄው መቅረብ ያለበት ግን ሰኞ ወይም ማክሰኞ ነው፤ ከረቡዕ በኋላ በሶው ስለሚያልቅ ተማሪው አርብ ማታ ወደ ቤት ስለሚሄድበት መንገድ ካልሆነ በቀር ስለ ምንም ነገር አያስብም።